ጎማ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ጉልበት ከየት ያመጣል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አዳማ ጋራዥ ውስጥ ነው የምሠራው። ጎማ ላይ ናይትሮጅን የምንሞላው ረጋ ያለ ጋዝ ነው ተብሎ ነው። የእህቴ ልጅ ግን «ከናይትሮጅን ብቻ ብዙ ኃይል የሚያከማች ነገር እየተፈለገ ነው፤ ገና ሳይሠራ በኮምፒውተር ይተነብዩታል» አለኝ። ያልተሠራ ነገር እንዴት ይታወቃል? ባትሪንስ ይተካል?

መልስ፦ የእህትህ ልጅ ልክ ነው፤ አንተም ልክ ነህ። ጎማው ውስጥ ያለው ናይትሮጅን የረጋው ጉልበቱን ቀድሞ ስለጨረሰ ነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንል የለ? ሁለቱ የናይትሮጅን አተሞች በሦስት ትስስር ተገምደዋል። ያንን ለመበጠስ በሞል (ኬሚስቶች የሞለኪውል ብዛት በሚቆጥሩበት መለኪያ) 945 ኪሎጁል ኃይል ያስፈልጋል። ትስስሮቹ ለየብቻ ሲሆኑ ግን እያንዳንዳቸው 160 ገደማ ናቸው፤ ሦስቱ ተደምረው 480 ብቻ። አተሞቹን በነጠላ ትስስር አያይዘህ ማቆየት ከቻልክ፣ ዳገት ላይ ድንጋይ እንዳወጣህ ቁጠረው። ሲንከባለል ልዩነቱ ኃይል ሆኖ ይወጣል። የሚተርፈውም ጭስ አይደለም። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶ የሆነው ያው ናይትሮጅን ነው። ይሄ ዛሬም ያስደንቀኛል።

ኮምፒውተሩ አተሞቹን በብዙ መልክ ይደረድርና አተሞች እንዴት እንደሚሆኑ በሚገልጸው በኳንተም ሜካኒክስ ሕግ የእያንዳንዱን ኃይል ያሰላል። ስንት ኃይል ያዘ የሚለው ቀላሉ ነው። ከባዱ ሳይፈርስ ምን ያህል ጊዜ ይቆያል የሚለው ነው። ድንጋዩን የሚያግደው ጉብታ ምን ያህል ከፍታ አለው ማለት ነው። በተማሪነቴ አንድ ሞለኪውል ሦስት ሳምንት ሳሰላ ከርሜ፣ ጉብታው ከምንም የማይቆጠር ሆኖ አገኘሁት። ያን ቀን ምሳ አልበላልኝም።

ትንበያው የሚሰምርበት ጊዜም አለ። በ1992 አሜሪካ፣ ሎውረንስ ሊቨርሞር በተባለ ቤተ ሙከራ ውስጥ የነበሩ ተመራማሪዎች፣ ናይትሮጅን በከባድ ግፊት በነጠላ ትስስር ብቻ የተያያዘ ጠጣር እንደሚሆን አሰሉ። ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ2004፣ ሚካኤል ኤሬሜትስና ባልደረቦቹ ጀርመን ማይንዝ ውስጥ በሁለት አልማዞች መሃል ጨምቀው ሠሩት። ግፊቱ ከአንድ ሚሊዮን እጥፍ የከባቢ አየር ግፊት በላይ ነበር፤ ሙቀቱ ደግሞ ከ1,700 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ። ግፊቱ ሲለቀቅ ግን ሳይፈርስ አልቆየም።

በ2025 ደግሞ እዚያው ጀርመን፣ ጊሰን ውስጥ፣ ስድስት የናይትሮጅን አተሞች ያሉት ሞለኪውል ተሠራ። የብር አዛይድን (የብር ማዕድንና የናይትሮጅን ውህድ) ከክሎሪን ወይም ከብሮሚን ጋር አገናኝተው የተገኘውን ወደ −263 ዲግሪ አቀዘቀዙት። በስሌታቸው መሠረት በ−196 ዲግሪ ግማሹ እስኪፈርስ ከ132 ዓመት በላይ ይፈጃል። በክፍል ሙቀት ግን 36 ሚሊሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። ዓይንህን ሳትጨፍን አለቀ።

ስለ ባትሪው፦ አይተካም። ባትሪ ይሞላል፣ ይወርዳል፣ ደግሞ ይሞላል። ይሄ አንዴ ከለቀቀ ለቀቀ፤ ስለዚህ ለሮኬት ነዳጅና ለፈንጂ ይቀርባል።

አንድ ነገር አደራ። በአሮጌ መኪኖች ኤርባግ ውስጥ ሶዲየም አዛይድ አለ፤ የናይትሮጅን ዘመድ ነው፣ መርዝም ነው። ያልፈነዳ ኤርባግ ስታገኝ በመፍቻ እንዳትከፍተው። ልጁንም አታስጠጋው።