መልስ፦ አሮጌ በሮችን ለባዛር ዕቃ ማሳያ ማድረግ

እህቴ፣ ደሴ ከፈረሰ ቤት ያገኘሻቸውን ሦስት የእንጨት በሮች ኮምቦልቻ ባዛር ላይ ነጠላና ሙዳይ ለማሳየት እንዴት እንደምታቆሚያቸው ጠይቀሻል። እባክሽ ለማገዶ እንዳትሰጫቸው! እንዲህ ያለ እንጨት ዛሬ በቀላሉ አይገኝም።

ዋናው ነገር አቋቋሙ ነው። አንድን በር ብቻውን የድንኳን ምሰሶ ላይ አስደግፈሽ አትተዪ፤ ነፋስ ገፍቶት ወይም ሕፃን ተንጠልጥሎበት ቢወድቅ ሰው ይጎዳል። ሦስቱን በማጠፊያ አያይዘሽ በዚግዛግ አቁሚያቸው። አንዱ መጋጠሚያ ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ይታጠፍ። ማዕዘኑ ወደ 90 ዲግሪ ሲጠጋ ይጸናሉ፤ ቀጥ ብለው ሲዘረጉ ግን ይወድቃሉ። ማጠፊያውን በሚስማር ሳይሆን በብሎን አሲዢው፤ ሚስማር ከጊዜ በኋላ ይላላል። መሐሉ ያለው ዘንግ የሚወጣ ዓይነት ማጠፊያ ብትገዢ ደግሞ በሮቹን ነጣጥለሽ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁለቱን በቀላሉ ታወርጂያቸዋለሽ። ግርጌያቸው ላይ አሸዋ የሞላ ከረጢት አኑሪ።

የድሮ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አትፋቂው፤ በተለይ ልጆች ባሉበት ግቢ። እንጨቱን አርጥበሽ፣ አፍና አፍንጫሽን ሸፍነሽ የተላላጠውን ብቻ አንሺና ሲደርቅ ቀለም አልባ ቫርኒሽ ቀቢው። ሙሉ በሙሉ አታድሺው፤ እኔ የምወደው የዘመን ምልክቱን ነው። ስንጥር ግን አይቅር፣ የነጠላሽን ክር ይስባል። ትኩስ የእንጨት ዱቄት ከትናንሽ ቀዳዳዎች ሲረግፍ ካየሽ ነቀዝ አለበትና ሳይታከም ከጨርቅ ጋር አታገናኚው።

ሙዳዮቹን ከታች፣ ነጠላውን ከላይ አድርጊ።