«እንደገና አስነሳው» እና «አጥፍተህ አብራው» አንድ ናቸው?

ጥያቄ፦ የኮምፒውተር ባለሙያ በስልክ «እንደገና አስነሳው» ሲለኝ አጥፍቼ አበራሁት። «እንደሱ አላልኩህም» አለኝ። ልዩነቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ያሳሳተዎት «እንደገና» የሚለው ቃል ነው። ኮምፒውተሩ ከዚህ ቀደም ተነስቶ እንደነበር ይናገራል እንጂ አሁን በርቶ ይሁን ጠፍቶ አይገልጽም። ማታ የጠፋው ጠዋት ሲበራም «እንደገና ተነሳ» ቢባል ስሕተት የለውም። «ዳግም»ም ያው ነው። «አጥፍተህ አብራ» ግን አያሻማም፤ «አጥፍተህ» ቦዝ አንቀጽ ስለሆነ የመጀመሪያው ድርጊት ሳያልቅ ሁለተኛው አይጀመርም።

ባለሙያው የፈለገው ሪስታርትን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በአንድ ትእዛዝ ራሱ ተዘግቶ ራሱ እንዲነሳ የሚያደርገውን ምርጫ ነው፤ ምክንያትም አለው። ከዊንዶውስ 8 (2012 እ.ኤ.አ.) ወዲህ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል አሠራር አለ። እሱ ከበራ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ከርነሉ፣ ማለትም የሥርዓቱ እምብርት፣ ከነድራይቨሮቹ (የኮምፒውተሩን ዕቃዎች ከሚያሠሩት ፕሮግራሞች ጋር) የነበረበት ሁኔታ ዲስክ ላይ ይቀመጣል፤ ሲበራ ያው ይመለሳል። የተበላሸ ነገር ከነበረም አብሮ ይመለሳል። ሪስታርት ግን ሁሉንም ከአዲስ ይጭናል። ስሙ «ማጥፋት» ሆኖ ሳለ ሙሉ በሙሉ የማያጠፋ መሆኑ ለቋንቋ ሰው የሚያስገርም ነው። በእርግጥ እንዲጠፋ ከፈለጉ ሺፍትን ተጭነው ይዘው «ሸት ዳውን»ን ይምረጡ።

የተገላቢጦሹም ያጋጥማል። በሪስታርት ጊዜ ኤሌክትሪኩ ስለማይቋረጥ፣ የደነዘዘ የኔትወርክ ካርድ ወይም የዩኤስቢ ዕቃ እንደደነዘዘ ሊቀር ይችላል። ያኔ አጥፍቶ፣ ገመዱን ነቅሎ፣ የማብሪያውን ቁልፍ 15 ሰከንድ ያህል ተጭኖ ይዞ የቀረውን ኃይል ማፍሰስ፣ ከዚያ ሰክቶ ማብራት ነው። ለዚህ «እንደገና አስነሳ» ማለት አይበቃም፤ «ነቅለህ፣ ቆይተህ አብራ» መባል አለበት።

«በራ» እና «ተነሳ»ም መለየት አለባቸው። መብራት ይበራል፣ የመኪና ሞተር ይነሳል፤ ኮምፒውተር ሁለቱንም ያደርጋል። «አልበራ አለኝ» ካሉ ባለሙያው ሶኬቱንና ቻርጀሩን ያስፈትሻል። «በርቷል፣ ግን አልነሳ አለኝ» ካሉ ደግሞ ዲስኩን ወይም ዊንዶውሱን ይጠረጥራል። በአንዲት ግሥ ግማሽ ሰዓት ይተርፋል።

«ሪስታርት አደረገ» ማለትን አልቃወምም፤ ሁሉም ይረዳዋል። ጉድለቱ አድራጊውን መደበቁ ነው፤ እርስዎ ይሁኑ ኮምፒውተሩ በራሱ አይለይም። በአማርኛው «አስነሳሁት» እና «በራሱ ተነሳ» ወዲያው ይለያያሉ፤ በራሱ የሚነሳ ኮምፒውተር ደግሞ የሙቀት ወይም የኃይል ችግር ሊኖርበት ይችላል።

«አጥፋ»ን ብቻውን አይተዉት። «ፋይሉን አጥፋ» መሰረዝ ስለሆነ «ኮምፒውተሩን አጥፋ» ብለው ስሙን ይጥሩ። «ዝጋ»ን ለፕሮግራምና ለላፕቶፕ ክዳን ቢተዉት ይሻላል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሰጋኝ «ዳግም ማስጀመር» ነው፤ በአንዳንድ ስልኮች ዝርዝር ውስጥ «የፋብሪካ» ከሚል ቃል ጋር ሲመጣ ስልኩን አጥፍቶ ማብራት ሳይሆን ፎቶውንም መልእክቱንም ጠርጎ ባዶ ማድረግ ነው። ስለዚህ ለሪስታርት «ዳግም አስነሳ» ይበሉ፤ «ዳግም አስጀምር» የሚል ካዩ ግን ከመንካትዎ በፊት አጠገቡ ያለውን ቃል ያንብቡ።