ዌርሃውስ አልገባም ብል አንኢምፕሎይመንቴ ይቋረጣል ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። እዚህ አሜሪካ ላይሰንስ ያለህ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነህ፣ ሌይ ኦፍ ተደርገሃል (ሥራ የለም ብለው አሰናብተውሃል)፣ አሁን በግማሽ ደሞዝ ዌርሃውስ፣ ማለት ዕቃ መጋዘን፣ ግባ ተብለሃል። እምቢ ብል አንኢምፕሎይመንቴ፣ ማለት ሥራ ለፈታ ሰው ስቴቱ የሚከፍለው ገንዘብ፣ ይቋረጣል ወይ ነው ያልከው። እኔ በያጅ ነኝ፤ ለእኔ የመጣልኝ የሌሊት ዕቃ ጫኝነት ነበር።

1. «አልፈልግም» ብለህ ብቻ ስልኩን እንዳትዘጋ። ሕጉ ከስቴት ስቴት ይለያያል። ግን ሁሉም ሥራው ላንተ ተስማሚ ነው ወይ ብለው ነው የሚያዩት። ሙያህ፣ የድሮ ደሞዝህ፣ ርቀቱ፣ ሥራ ከፈታህ የቆየህበት ጊዜ ይታያል። ስለዚህ ምክንያትህ በቁጥር ይሁን። በሰዓት ስንት ይከፈልህ ነበር? አሁን ስንት አሉህ? ስንት ማይል ይርቃል? ቀኑንና ያናገረህን ሰው ስም ጽፈህ ያዝ።

2. በየሳምንቱ የምትሞላው ፎርም «የቀረበልህን ሥራ እምቢ ብለሃል?» ይላል። እውነቱን ሙላ። «ዝም በል፣ ማን ያውቃል» የሚሉህን አትስማ። አሠሪው ከነገራቸው ማጭበርበር ይባልና የበላኸውን ያስተፉሃል፣ ቢያንስ 15 በመቶ ቅጣት ጨምረው።

3. እኔ እውነቱን ሞላሁ። ከአንኢምፕሎይመንት ቢሮው የደወለችው ሴትዮ ገና ሳልጨርስ «ሥራ ሥራ ነው፣ ሌላው ሰው ይሠራው የለ?» አለችኝ። ስለ ሰርተፍኬቴ ልንገርሽ ብላት አያስፈልግም ብላ ዘጋችው። ወዲያው ክፍያው ተቋርጧል የሚል ደብዳቤ መጣ። እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል! ደብዳቤው ላይ ግን በደቃቅ ፊደል የአፒል (የይግባኝ) ቀነ ገደብ አለ። ብዙ ቦታ የሚቆጠረው ከተላከበት ቀን ነው፣ አንተ ከከፈትክበት አይደለም። ያኑ ዕለት አፒል አልኩ። ሂሪንጉ፣ ማለት ዳኛው ጉዳዩን የሚሰማበት፣ በስልክ ነበር። አስተርጓሚ በነፃ ይሰጡሃል፣ ጠይቅ። እንግሊዝኛዬ ይበቃኛል ብለህ አትኩራ፤ ሰው ሲያፋጥጥህ ምላስ ይተሳሰራል። የድሮውን ደሞዝ፣ የአዲሱን፣ የትኛውን ዓይነት ብየዳ እንደምሠራ አንድ በአንድ ለዳኛው ዘረዘርኩለት። አሸነፍኩ።

አፒሉ እስኪያልቅ ግን ፎርሙን መሙላት አላቆምኩም። ዋናው እሱ ነው። የማውቀው ልጅ «ከቆረጡኝ በኋላ ምን ያደክመኛል» ብሎ ተወው። ተፈረደለት፣ ላልሞላቸው ሳምንታት ግን ሰባራ ሳንቲም አላገኘም።

ዓመቱን ሙሉ ተቀመጥ ማለቴ እንዳይመስልህ። አብዛኛው ስቴት ቢበዛ 26 ሳምንት ነው የሚከፍለው፣ ከዚያ የሚያንስም አለ። ሳምንታቱ በገፉ ቁጥር ደግሞ «ተስማሚ» የሚሉት እየሰፋ ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ ሙያህንም ደሞዝህንም ያዝ። በኋላ በደሞዙ ትንሽ ዝቅ በል እንጂ ከሙያህ አትውጣ። እኔ በመጨረሻ ያገኘሁት የብየዳ ሥራ ከድሮውም ይሻላል፤ ያቺ ሴትዮ ብትሰማ እንዴት ደስ ባለኝ።

ታክስም አለው። 10 በመቶ ለፌዴራል ቀድመው እንዲቆርጡ መጠየቅ ትችላለህ፣ አለዚያ ታክስ ስትሠራ ትደነግጣለህ። ላይሰንስህ መቼ እንደሚያልፍ ዛሬውኑ እየው። እሱ ካለፈ «ሙያዬ ኤሌክትሪክ ነው» ብለህ የምትከራከርበት ነገር ይዳከምብሃል።