ጋርኔት በጣና ዳር ይገኛል ወይ? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ለዚህ ዓምድ የተመረጡት ጥያቄዎች የመጡት ከባሕር ዳርና ከአካባቢዋ ሲሆን፣ ሁሉም ጋርኔት የተባለውን ማዕድንና አብረውት የሚገኙትን ማዕድናት ይመለከታሉ። የማዕድኑን ማንነት ከመለየት በፊት የተገኘበትን አለት ማወቅ ስለሚቀድም፣ መልሱም ከእግራችን ሥር ካለው ድንጋይ ይጀምራል።

ጥያቄ፦ ኑሮዬ ድንጋይ መጥረብ ነው። ጥቁሩን ድንጋይ ስፈልጠው አልፎ አልፎ ቀይ ቡናማ የሆኑ ትናንሽ ፍሬዎች አያለሁ፤ በቀዳዳዎቹም ውስጥ ነጭ ነገር አገኛለሁ። ጋርኔት ይሆን?

መልስ፦ አይመስለኝም። በባሕር ዳር ዙሪያ የሚጠረበው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው፤ ይኸውም ቀልጦ ወደ ምድር ገጽ የወጣ ላቫ ቀዝቅዞ የጠጠረበት አለት ነው። ያዩዋቸው ፍሬዎች ኦሊቪን የተባለው ማዕድን ሳይሆኑ አይቀሩም። ኦሊቪን ሲፈጠር አረንጓዴ ቢሆንም ውኃና አየር ሲያገኘው በውስጡ ያለው ብረት እየዛገ ቀይ ቡናማ ይሆናል፤ ስለዚህ ጠርዙ ቀልቶ መሐሉ ገና አረንጓዴ የሆነ ፍሬ ካገኙ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ቀዳዳዎቹ የጋዝ አረፋ የነበረባቸው ቦታዎች ሲሆኑ፣ ነጩ ነገር ካልሳይት ወይም ዚዮላይት ሊሆን ይችላል። ጥቂት ኮምጣጤ ጠብ ሲያደርጉበት አረፋ ካወጣ ካልሳይት ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ጋርኔት የሚገኝበት አለት ከእኛ ይርቃል?

መልስ፦ ወደ ታች ከታሰበ የሚገኘው ከእኛው ሥር ነው፤ ነገር ግን ተሸፍኗል። ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን የሚጓዝ ሰው የዓባይን ሸለቆ ሲወርድ ከባዛልቱ በታች የኖራ ድንጋይ፣ ጂፕሰምና የአሸዋ ድንጋይ ተደራርበው ያያል። ከእነዚህ ሁሉ ሥር ያለው ከ540 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረው ሜታሞርፊክ አለት፣ ማለትም ሳይቀልጥ በሙቀትና በጫና የተለወጠ አለት ነው። ይህ አለት በወለጋ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በሰሜን ትግራይ፣ በጉጂና በቦረና ሽፋኑ ተሸርሽሮ ገጽ ላይ ይታያል።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። አንድ ዘመዴ ከወለጋ ያመጣልኝ ብርማ ድንጋይ ላይ የሽምብራ ፍሬ የሚያካክሉ ጥቁር ቀይ እንክብሎች አሉበት። ገጻቸው ሰው የሞረዳቸው ይመስላል። አለቱ ሳይቀልጥ እንዲህ ያለ ቅርጽ ከየት መጣ?

መልስ፦ ከቀረቡት ጥያቄዎች ሁሉ ሰፊ መልስ የሚሻው ይህ ነው። የገለጹት አለት ሺስት ይባላል፤ ብርማ ያደረገው ማይካ የተባለው በስስ ንጣፍ የሚደራረብ አንጸባራቂ ማዕድን ነው። በመጀመሪያ በውኃ ሥር የተዘቀጠ ጭቃ የነበረ ሲሆን፣ አህጉራት ተጋጭተው ተራሮች ሲነሡ ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ጥልቁ ተቀብሮ ሙቀትና ጫና በዝቶበታል። ሸክላ ሠሪ የምትተኩሰው ጭቃ ሳይቀልጥ ሌላ ነገር እንደሚሆን ሁሉ፣ ይህም አለት ጠጣር እንደሆነ ተለውጧል። በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ጥቂት ውኃ አተሞችን ከቦታ ወደ ቦታ ስለሚያጓጉዝ፣ በመጀመሪያ ክሎራይት የተባለው አረንጓዴ ማዕድንና ማይካ ተፈጠሩ፤ ሙቀቱ ከ450 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ደግሞ ብረት፣ አሉሚኒየም፣ ሲሊከንና ኦክስጅን ተገናኝተው አልማንዲን የተባለውን ጥቁር ቀይ ጋርኔት ሠሩ።

የጋርኔት አተሞች የተደረደሩት በሁሉም አቅጣጫ በተመሳሳይ ሥርዓት ስለሆነ፣ ክሪስታሉ ብዙውን ጊዜ 12 ወይም 24 ገጾች ኖረውት ይወጣል። በእጅ ማጉያ መነጽር ቢመለከቱ የማይካው ንጣፎች በፍሬው ዙሪያ ተጎብጠው ሲያልፉ ያያሉ። ፍሬው ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ደግሞ እያደገ ሳለ የዋጣቸው ጥቃቅን የኳርትዝ ቅንጣቶች በውስጡ ይገኛሉ፤ አንዳንድ ጊዜም በጠመዝማዛ መስመር ተሰልፈው ይታያሉ። ፍሬው ራሱ ዞሮ ነው ወይስ በዙሪያው ያለው አለት ተጠማዞ በሚለው ላይ ጂኦሎጂስቶች እስካሁን ይከራከራሉ። ብዙውን ጊዜ መሐሉ ማንጋኒዝ የበዛበት ሲሆን ወደ ጠርዙ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከዚህም አለቱ ምን ያህል ሙቀት እንደደረሰበት ማስላት ይቻላል። ስለዚህ እባክዎ እንክብሎቹን ፈልቅቀው አያውጧቸው። ከእናት አለቱ የተለየ ጋርኔት ለጌጥ ይሆን ይሆናል እንጂ፣ ከተማሪዎችዎ ፊት የሚናገረው ታሪክ በእጅጉ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ የመስቀል ቅርጽ ያለው ቡናማ ድንጋይ አሳዩኝ። የተፈጥሮ ነው ብለው ቢነግሩኝም አላመንኩም።

መልስ፦ የተፈጥሮ ሊሆን ይችላል። ስቶሮላይት የተባለው ማዕድን ሁለት ክሪስታሎቹ እርስ በርስ ተሰክተው ስለሚያድጉ በ90 ወይም በ60 ዲግሪ ይተላለፋሉ፤ ይሁንና ተቀርጸው የሚሸጡም ስላሉ ጠርዙ በሞረድ የተላገ መሆኑን ያጣሩ። ይህ ማዕድን የጋርኔት የቅርብ ባልንጀራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 ጆርጅ ባሮው በስኮትላንድ ተራሮች ባደረገው ጥናት፣ ከጭቃ በተገኙ አለቶች ውስጥ ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ ማዕድናት በተራ እንደሚታዩ አሳይቷል፤ ተራውም ክሎራይት፣ ባዮታይት፣ ጋርኔት፣ ስቶሮላይት፣ ካያናይትና ሲሊማናይት ነው። ካያናይት ሰማያዊና ረዘም ያለ ሲሆን አስገራሚ ጠባይ አለው፤ በርዝመቱ በቢላ ሲጫር በወርዱ ግን ቢላውን ይቋቋማል።

ጥያቄ፦ ጋርኔት ተብሎ የተሸጠልኝ የቀለበት ፈርጥ እውነተኛ መሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ በማጉያ መነጽር ሲያዩት ክብ የአየር አረፋዎች ካሉበት ብርጭቆ ነው። ኃይለኛ የኒዮዲሚየም ማግኔት ሲቀርበው ቀይ ጋርኔት በውስጡ ባለው ብረት ምክንያት በጥቂቱ ይሳባል፤ ሩቢና ተራ ብርጭቆ ግን አይሳቡም። ቀለበቱ ራሱ በማግኔት እንዳያሳስትዎ ፈርጡ ከቀለበቱ ወጥቶ ቢሞከር ይሻላል። በመጫር መሞከርን አልመክርም፤ የጋርኔት ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 በሚቆጥረው በሞስ የማዕድናት መለኪያ ከ6.5 እስከ 7.5 ስለሆነ ብርጭቆን ቢጭርም ጠርዙ ሊሸረፍ ይችላል። ስለ ዋጋው፣ ቀዩ ጋርኔት በዓለም ላይ በብዛት የሚገኝ በመሆኑ ለአሸዋ ወረቀትና ብረት ለሚቆርጡ የውኃ ማሽኖች ሳይቀር ይፈጫል። ከውዶቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1967 በታንዛኒያ ተገኝቶ በኋላም በኬንያ የታየው ጻቮራይት የተባለው አረንጓዴው ዓይነት ነው፤ ስለዚህ ሻጩ ቀዩን «ብርቅ ነው» ብሎ ዋጋ ሲሰቅልብዎ ለመከራከር በቂ ምክንያት አለዎት።