ካርታው 2,600 ኪሎ ሜትር ካለ ጉዞው ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ወንድሜ፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ካለችው ኢስተር ደሴት ማታቬሪ ኤርፖርት እስከ ማንጋሬቫ ደሴቱ ቶቴጌጊ ኤርፖርት ያለውን ርቀት ድረ ገጽ ላይ ብፈልግ «2,600 ኪሎ ሜትር፣ ሦስት ሰዓት ተኩል» አለኝ፤ በዚህ ላቅድ ወይ ብለህ ጠይቀሃል። ርቀቱን እመነው። ሰዓቱን ግን እርሳው።

ለዓመታት የሰው የጉዞ መስመር ሳወጣ ስለኖርኩ ይቺን ጥያቄ በተለያየ መልኳ አውቃታለሁ። ድረ ገጹ አልዋሸህም። የሁለቱን ኤርፖርቶች መገኛ ይወስድና በምድር ክብ ገጽ ላይ አጭሩን መስመር ይለካል። ከዚያ በጄት ፍጥነት፣ ማለትም በሰዓት ከ800 እስከ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ያካፍለዋል። ለመነሻና ለማረፊያ ትንሽ ደቂቃ ጣል ያደርግበታል፣ አለቀ። በዚያ መስመር የሚበር አውሮፕላን ይኑር አይኑር ጉዳዩ አይደለም።

እዚህ ደግሞ የለም። ለማታቬሪ ከቶቴጌጊ የሚቀርብ ሌላ ኤርፖርት የለም፤ ሆኖም በመካከላቸው መደበኛ በረራ አታገኝም። ኢስተር የቺሊ ግዛት ስለሆነች መንገዷ ወደ ሳንቲያጎ ነው። ማንጋሬቫ የፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ናት፤ የምትገናኘው ከታሂቲዋ ፓፔኤቴ ጋር ነው። ጀርባ ለጀርባ የተቀመጡ ጎረቤቶች በላቸው።

ስለዚህ አንዱ የተለመደ መንገድ ይሄ ነው። መጀመሪያ ወደ ሳንቲያጎ 3,760 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ትሄዳለህ። ከዚያ ፓስፊክን አቋርጠህ የኒውዚላንዷ ኦክላንድ፣ ከኦክላንድ ፓፔኤቴ፣ በመጨረሻ በፕሮፔለር አውሮፕላን ቶቴጌጊ። ስትደምረው 19,000 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ከቀጥታው ሰባት እጥፍ መሆኑ ነው! በአየር ላይ የምታሳልፈው ብቻ ከአንድ ሙሉ ቀን ይበልጣል። የመጨረሻዋ መስመር 1,650 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆንም አውሮፕላኑ እንደ ጄት ስለማይፈጥን አራት ሰዓት ያዝላት።

ቀኑም ያምታታሃል። ወደ ኦክላንድ ስትሄድ የቀን መስመሩን (ካርታ ላይ ቀኑ የሚቀየርበትን መስመር) ተሻግረህ አንድ ቀን ትዘላለህ። ወደ ፓፔኤቴ ስትመለስ ደግሞ ትኬቱ ላይ የመድረሻው ቀን ከመነሻው የቀደመ ሊሆን ይችላል። ስህተት አይደለም፣ ደውለህ አትጨቃጨቅ።

ነፋሱንም አትርሳ። ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ከኢስተር ወደ ሳንቲያጎ ይገፋሃል፤ በመልሱ ይይዝሃል። ለዚህ ነው ያው መስመር ሲሄዱና ሲመለሱ ሰዓቱ የሚለያየው። እንዲህ ላለ የተገለለ ኤርፖርት ደግሞ ዓለም አቀፉ ደንብ ጄቱ መድረሻው ላይ ሲደርስ የሁለት ሰዓት ያህል ነዳጅ እንዲተርፈው ይጠይቃል፤ አቅራቢያው ሌላ ማረፊያ የለማ። ቻርተር፣ ማለትም ሙሉ አውሮፕላን ለራሴ ልከራይ ካልክ ይሄ ሁሉ ነዳጅና ባዶ መመለሻው በአንተ ሒሳብ ነው።

እኔ ብሆን ፓፔኤቴ ላይ ቢያንስ አንድ ሌሊት አድራለሁ። ወደ ማንጋሬቫ በየቀኑ በረራ ስለሌለ አንዱ ካመለጠህ ቀጣዩን ቀናት ትጠብቃለህ። ከተቻለ ረጃጅሞቹን በረራዎች በአንድ ትኬት አስቆርጥ፤ በተለያየ ትኬት ከሄድክ የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛው ኃላፊነት አይወስድም። ቶቴጌጊ ራሷ ያለችው ከዋናው ደሴት ተነጥላ ነው፤ ካረፍክ በኋላ ጀልባ አለ። ድረ ገጹ ያንን አልቆጠረውም።

ቀኑን ስትወስን እዚሁ ጻፍ፣ የፓፔኤቴውን በረራ ቀን አስቀድመን አይተን ሌላውን ከኋላ እንገጥመዋለን።