ደመወዜ የሚያድገው አለቃ ስሆን ብቻ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና የአምደኛው መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ እዚሁ ቂጦ ፉርዲሳ አካባቢ ነው የምኖረው። የምሠራው ከቤቴ ሆኜ ለአንድ የአዲስ አበባ ሶፍትዌር ድርጅት ነው። የክፍያ ሲስተሙን የምይዘው እኔ ነኝ። በፊት ደንበኞች በሞባይል ሲከፍሉ ኔትወርክ መሃል ላይ ይቋረጥና መልስ ስላላዩ ደግመው ይጫናሉ፤ ሁለት ጊዜ ይቆረጥባቸዋል። ለእያንዳንዱ ክፍያ ገና ሲጀመር መለያ ቁጥር እንዲሰጠው አድርጌ ችግሩን ፈታሁት። ያው ቁጥር ሁለተኛ ሲመጣ ሲስተሙ አይቆርጥም። ደመወዜ 45 ሺህ ብር ነው። በወር ወደ 10 ሰዓት ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ስለምሠራ የትርፍ ሰዓት ይከፈለኛል። አሁን ኢንጂነሪንግ ማናጀር ሁኚ ተብያለሁ። ደመወዙ 52 ሺህ፣ የኃላፊነት አበሉ 5 ሺህ ነው። ኮድ መጻፍ እወዳለሁ፤ ግን ከሲኒየር በላይ ደረጃ የለም አሉኝ። እናቴ «እምቢ ካልሽ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል» ትላለች። ጓደኞቼ ደግሞ ውጭ አገር ኢንጂነር ከማናጀር እኩል ይከፈለዋል ይላሉ። እውነት ነው? ምን ይመክሩኛል?
ሰ. ከጅማ

መልስ፦ እህቴ፣ በቅድሚያ እንኳን ደስ አለሽ። ያንን የድርብ ክፍያ ጣጣ የፈታ ሰው ዕድገት ይገባዋል። ጥያቄው በየትኛው በኩል ትደጊ ነው።

ሒሳቡን እንሥራ። ጭማሪሽ በወረቀት 12 ሺህ ብር ነው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከ14 ሺህ ብር በላይ ያለው የወር ደመወዝ 35 በመቶ ይቆረጥበታል። አንቺ ይህን መስመር ድሮ ስላለፍሽው ጭማሪው በሙሉ የሚመታው በ35 በመቶ ነው። ደመወዙ ላይ ደግሞ 7 በመቶ ጡረታ አለ። ስለዚህ ከ7 ሺሁ የደመወዝ ጭማሪ እጅሽ የሚገባው 4,060 ብር ነው። ከ5 ሺሁ አበል 3,250 ይቀርሻል። ድምሩ 7,310 ብር።

ገና አላለቀም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 «የሥራ መሪ» የሚላቸውን ሰዎች አይሸፍንም። የሥራ መሪ ማለት የድርጅቱን ፖሊሲ የሚያወጣና የሚያስፈጽም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማሰናበት ሥልጣን ያለው ሰው ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ያለው በዚሁ አዋጅ ውስጥ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው ሰዓት 1.75 እጥፍ፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን 2 እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ይከፈላል። የሥራ መሪ ከሆንሽ ይህ ሁሉ ይቀራል። ያንቺን 45 ሺህ ለ208 የወር ሰዓት ስናካፍለው በሰዓት 216 ብር ገደማ ነው። በወር ማታ የምትሠሪው 10 ሰዓት በ1.75 እጥፍ ታስቦ፣ ግብሩ ተቀንሶ ወደ 2,460 ብር ያመጣልሻል። ይህንን ከ7,310 ቀንሺው። እውነተኛው ልዩነት ወደ 4,850 ብር ይወርዳል። ሌሊት ሲስተም ሲወድቅ ደግሞ ስልኩ ማናጀሯም ጋ መደወሉ አይቀርም፤ ያኔ ግን በነፃ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሥራ ዝርዝሩን በጽሑፍ ጠይቂ። መቅጠርና ማሰናበት አለበት? ወይስ ሥራ ማከፋፈል ብቻ ነው? ማናጀር የሚለው ስም ብቻውን የሥራ መሪ አያደርግሽም፤ የሚያደርግሽ ሥልጣኑ ነው።

ጓደኞችሽ ያሉሽ እውነት ነው፤ ግን ግማሹን ነው የነገሩሽ። የአሜሪካው የኮምፒውተር ድርጅት አይቢኤም «ፌሎው» የሚባለውን ማዕረግ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ጎበዝ ባለሙያ ሰው ማስተዳደር ሳይጠበቅበት ከፍ እንዲል ነው የታሰበው። ፎርትራን የተባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ የሠራውን ቡድን የመራው ጆን ባከስ ይህን ማዕረግ ካገኙት አንዱ ነው። ዛሬ ትልልቆቹ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች ሁለት የዕድገት መሰላል አላቸው። በአንዱ፣ በኢንጂነሩ፣ ሲኒየር፣ ስታፍ፣ ፕሪንሲፓል እየተባለ ይወጣል። በሌላው ማናጀር፣ ሲኒየር ማናጀር፣ ዳይሬክተር። ክፍያውን የሚወስነው እርከኑ ነው። እኩል እርከን ላይ ያሉ ስታፍ ኢንጂነርና ማናጀር የሚያገኙት ተቀራራቢ ነው። ሰው «ማናጀር ይበልጣል» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ሲኒየሩን ኢንጂነር አንድ እርከን ከሚበልጠው ማናጀር ጋር እያወዳደረ ነው። ደግሞም እዚያ ክፍያ ማለት ደመወዝ ብቻ አይደለም። ቦነስ አለ፣ ብዙ ጊዜ በ4 ዓመት ተከፋፍሎ የሚሰጥ አክሲዮን አለ። ከፍ ባለው እርከን አክሲዮኑ ደመወዙን የሚያስከነዳበት ጊዜ አለ። ያንን በዶላር አስበሽ፣ በብር መንዝረሽ ራስሽን አታስጨንቂ።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ከላይ ያለው የቴክኒክ ወንበር ጥቂት ነው። ድርጅት ሰው ሲበዛበት ማናጀር ይፈልጋል። ፕሪንሲፓል የሚፈልገው ግን ችግሩ ሲከብድበት ነው። ስታፍ ለመባልም ኮድ ማሳመር ብቻ አይበቃም፤ ሥራሽ ሌሎች ቡድኖችን መጥቀሙ መታየት አለበት።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ ነገሩ ያናድደኛል። ብዙ ድርጅቶች ደመወዝን ከወንበር ጋር አስረውታል። ከሲኒየር በኋላ ያለው ደረጃ አለቅነት ብቻ ነው። ልጁ ገንዘቡን ፈልጎ ይገባበታል። ድርጅቱ ያንን ጎበዝ ኢንጂነር ያጣል፤ ሠራተኞቹም ልቡ ሌላ ቦታ የሆነ አለቃ ይደርሳቸዋል። ይህ መለወጥ አለበት። የሚለወጠውም እንዳንቺ ያለ ሰው ሲጠይቅ ነው።

እንዲህ አድርጊ። አንድ ገጽ ጻፊ። መለያ ቁጥሩ ከመግባቱ በፊት በወር ስንት ደንበኛ ሁለቴ ተቆረጠብኝ ብሎ ያመለክት ነበር? ስንት ብር ይመለስ ነበር? አሁንስ? ይህን ይዘሽ አለቃሽን አነጋግሪ። «የፕሪንሲፓል ኢንጂነር ደረጃ ክፈቱልኝ፤ ደመወዙ ከማናጀሩ እኩል 52 ሺህ ይሁን፣ አበሉ ይቅር» በይ። ለእነሱም የሚረክስ ነው። አንቺ ከኮዱ ስትነሺ የክፍያ ሲስተሙን የሚይዝ ሌላ ሲኒየር መቅጠር አለባቸዋ! እናትሽ ያሉት ሌላ ሰው ወንበሩ ላይ ይቀመጥ ይሆናል። ያንቺን ሥራ የሚይዝ ሰው ማግኘት ግን እንደዚያ አይቀልም።

ሰው ማስተዳደርን ግን አላጣጥልብሽም። እኔ ሁለቱንም ሠርቻለሁ። ማናጀር ሳለሁ ጠዋቱ በፈቃድ ጥያቄና በሁለት ልጆች ኩርፊያ ያልቅ ነበር፤ ከሰዓቱ በበጀት። ደስታም ነበረው። በስብሰባ ቃል ተንፍሳ የማታውቅ ጀማሪ ልጅ ነበረችን። ስብሰባ ባለ ቁጥር ማስታወሻዋን አስቀድመን አብረን እናነበው ነበር። አንድ ቀን ተነስታ የሲስተሙን ዲዛይን ለደንበኛው ራሷ አስረዳች፤ ደንበኛው ሲከራከራትም አልተነቃነቀችም። የዚያን ዕለት ኮድ ጽፌ የማላውቀውን ደስታ አገኘሁ። እንዲህ ያለው ነገር ልብሽን የሚያሞቀው ከሆነ ግቢበት። ለ4,850 ብር ብለሽ ግን አትግቢ።

ከገባሽም ሦስት ነገር በደብዳቤው ይጻፍልሽ። አንደኛ፣ ከአበሉ ላይ ቀንሰው ደመወዙ ላይ ይጨምሩልሽ። ወርሃዊው በትንሹ ቢያንስም፣ ከወንበሩ ስትነሺ አበል አብሮ ይነሳል፤ ደመወዝ ግን ይቆያል፤ ጡረታሽም የሚታሰበው በእሱ ነው። ሁለተኛ፣ ከ6 ወር በኋላ ካልተስማማሽ በአዲሱ ደመወዝ ወደ ኢንጂነርነትሽ መመለስ እንድትችዪ። ሦስተኛ፣ የአዲስ አበባው ምልልስ። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማናጀር ሲባሉ «ለስብሰባ ብቅ በይ» ይበዛል። ትራንስፖርቱና የውሎ አበሉ ካንቺ ኪስ ከወጣ የቀረውም 4,850 መንገድ ላይ ያልቃል።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ ዓመት የሶፍትዌር ተማሪ ነኝ። ማናጀሮች የተሻለ ስለሚከፈላቸው እንደተመረቅሁ ኤምቢኤ (በንግድ ሥራ አስተዳደር ማስተርስ) ልጀምር?
ተማሪው፣ ከጅማ

መልስ፦ አሁን አይሆንም። ገና ሥራ ሳይጀምር የሶፍትዌር ቡድን የሚያስረክብህ የለም። መጀመሪያ ሰው የሚጠቀምበትን ሲስተም ሠርተህ፣ ሲበላሽ ሌሊት ተነስተህ ጠግን። የሥራ ግምት መስጠትና ቃል መጠበቅ የሚለመደው እዚያ ነው፤ ሁለቱም መሰላል ላይ ይጠየቅብሃል። ለኤምቢኤው የምታወጣውን ብር ለጥሩ ላፕቶፕ፣ ለኢንተርኔትና መብራት ሲጠፋ ለሚያገለግል ባትሪ አውለው። ኤምቢኤው ሰው መምራት ስትጀምር ይደርሳል፤ ምናልባት ያኔ ድርጅቱ ራሱ ይከፍልልህ ይሆናል።