የሰንጢ ነገር በሰው አገር

እኔ ባደግሁበት በባቲ አካባቢ ሰንጢ የሸንኮራ መላጫና የገመድ መቁረጫ እንጂ እንደ መሣሪያ አይቆጠርም። ስለዚህም ለዘመድ ጥየቃ መጥተው የሚመለሱ ወገኖቼ ከሰኞው ገበያ የገዙትን ወይም ከአባታቸው የተቀበሉትን ሰንጢ ለማስታወሻ ሲይዙ፣ በሚኖሩበት አገር ሕግ ስሙ ሊለወጥ እንደሚችል ልብ አይሉም።

ብዙ ዘመን በኖርሁባት እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው ሕግ፣ የስለቱ ርዝመት ከ3 ኢንች፣ ማለትም ከ7.62 ሴንቲ ሜትር፣ ያልበለጠ ታጣፊ ሰንጢን ለጠብ እስካልታሰበ ድረስ በአደባባይ መያዝን አይከለክልም። አብዛኞቻችን የሰማነው ይህን ቁጥር ብቻ ነው። ይሁንና ፍርድ ቤቶች «ታጣፊ» የሚባለው በማንኛውም ጊዜ በመግፋት ብቻ የሚታጠፈው ነው ብለው ስለተረጎሙ፣ ሲከፈት ቀጭ ብሎ የሚቆለፍና ለመዝጋት መቆለፊያውን መጫን የሚያስፈልገው ሰንጢ፣ የቱንም ያህል ቢያጥር፣ ከማይታጠፍ ቢላዋ እኩል ይታያል።

አጎቴ የሰጠኝን ሰንጢ በባቡር ጣቢያ በር ላይ ከኪሴ ያወጣው ፖሊስ ርዝመቱን አልለካም፤ ከፈተና የስለቱን ጀርባ በአውራ ጣቱ ገፋ አደረገው። አልታጠፈም። ብርቱካን መላጫዬ ነው ብልም ሰንጢው ተወሰደ፤ ጥፋቱ እስከ 4 ዓመት የሚያሳስር በመሆኑ በማስጠንቀቂያ መለቀቄን እንደ ዕድል እቆጥረዋለሁ። ሥራ፣ ሃይማኖት ወይም የባህል ልብስ በቂ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ «ረስቼው ነው» ማለት ግን ብቻውን አያድንም፤ መንገድ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ መተውም እንደ መያዝ ይቆጠራል። በሞላ ተፈናጥሮ የሚከፈተውማ ከ2021 ወዲህ በቤት ውስጥ እንኳ አይቀመጥም።

ሌላው አገር መለኪያው ሌላ ነው። ጀርመን በአንድ እጅ ተከፍቶ የሚቆለፈውን፣ አጭርም ቢሆን፣ ያለ በቂ ምክንያት ይዞ መውጣትን ትከለክላለች። አሜሪካ ከግዛት ግዛት ይለያያል፦ ኒው ዮርክ በእጅ ውርወራ የሚከፈተውን መከልከሏን የተወችው በ2019 ነው፤ በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ደግሞ የሚፈቀደው ስለቱ ከ2.5 ኢንች ያነሰ የኪስ ሰንጢ ነው። ስለዚህ የአንዱን አገር ወሬ ለሌላው አታውሱ።

ባቲ ላይ ስትገዙ ገንዘቡን ሳትከፍሉ ሰንጢውን ክፈቱና ጀርባውን ገፋ አድርጉት። ከተቆለፈ ለአጎት ልጅ ይሁን፤ ካልተቆለፈም ስለቱን ለኩትና የምትኖሩበትን አገር ሕግ አይታችሁ፣ በእጅ ቦርሳ ሳይሆን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አድርጉት።